የአየር ሙቀት ሴንሰር ተበላሽቷል ብለው ከመቀየርዎ በፊት፦ ደረጃ በደረጃ የፍተሻ መመሪያ

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶበት ጋራዥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ማሽኑ የአየር ሙቀት ሴንሰር ብሏል፣ ሴንሰሩ ይቀየር» የሚል ነው። ሴንሰሩ ተገዝቶ ይገባል፣ ማሽኑ ያነበበው የብልሽት ኮድ ይጠፋል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ይህ የሚሆነው የምርመራ ማሽኑ ስለዋሸ አይደለም። ማሽኑ የሚናገረው በሴንሰሩ መስመር ላይ ችግር መኖሩን ብቻ ነው፤ መስመር የሚባለው ደግሞ ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ፣ ሁለቱ ሽቦዎችና የሞተሩ ኮምፒውተር አንድ ላይ ናቸው። ከአራቱ የታመመውን ለይቶ ማግኘት የሚቻለው በመለካት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ይከተሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን የዘለለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ዕቃ ይቀይራል።

በመጀመሪያ ትክክለኛውን ሴንሰር ይለዩ

በአንድ መኪና ላይ ሙቀት የሚለኩ ከአንድ በላይ ሴንሰሮች አሉ፤ ሦስቱን ማምታታት የተለመደ ነው። አንደኛው የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚለካው ሲሆን ቴርሞስታቱ አካባቢ ተቀብሮ ይገኛል። ሁለተኛው ከፊት መከላከያው ኋላ ተሰቅሎ የውጭውን ሙቀት ዳሽቦርድ ላይ የሚያሳየው ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሦስተኛውን፣ ማለትም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት የሚለካውን ነው።

ይህ ሴንሰር የት እንዳለ ለማወቅ የአየር ማጣሪያውን ሳጥንና ከእሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ይከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የኮሮላ ሞዴሎች ላይ ሳጥኑ ውስጥ የተሰካ፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በመጡት ብዙ ቶዮታዎች ላይ ለብቻው አይገኝም፤ ባለ አምስት ሽቦ በሆነው፣ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር መጠን በሚለካው የኤር ፍሎው ሴንሰር ውስጥ ተካቷል። በአንዳንድ ሌሎች መኪናዎች ላይ ደግሞ ማኒፎልዱ ላይ ካለው የግፊት ሴንሰር ጋር በአንድ አካል ተሠርቶ አራት ሽቦ ይኖረዋል። የሽቦውን ብዛት መቁጠር አስፈላጊ ነው፤ ባለ አምስቱ ሶኬት ላይ ካሉት ፒኖች አንዱ 12 ቮልት ስለሚይዝ በስህተት የሚነካካ ሰው ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

አሠራሩ፣ ለፍተሻው በሚያስፈልገው መጠን

ሴንሰሩ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (በኦም የሚለካው) የሚቀንስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጨምር ትንሽ ፍሬ ነው። ኮምፒውተሩ በአንደኛው ሽቦ 5 ቮልት ይልካል፤ በሌላው ሽቦ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ወደ ምድር (ወደ ኔጌቲቭ) ይዘጋል። አየሩ ሲሞቅ በሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልት ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ሁለቱንም በቃልዎ ይያዙ። ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ሶኬቱ ከተነቀለ ቮልቱ 5 ላይ ይቆማል፤ ኮምፒውተሩም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው ብሎ ያነባል። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ከተነካኩ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ በቶዮታ ላይ ንባቡ 140 ዲግሪ ይሆናል።

በመኪናው ላይ የሚታየው ምልክት

ሴንሰሩ ከእውነቱ በላይ ቅዝቃዜ ካሳየ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ የቤንዚን ፍጆታ ይጨምራል። ከእውነቱ በላይ ሙቀት ካሳየ ነዳጁ ያንሳል፣ የእሳት ጊዜውም ይዘገያል፤ ጠዋት ለማስነሳት ያስቸግራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ የቶዮታ ኮምፒውተር አየሩ 20 ዲግሪ እንደሆነ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ መብራቱ በርቶም መኪናው ደኅና ሊሄድ ይችላል። ይበልጥ የሚጎዳው ኮድ ሳያስመዘግብ በትንሹ የሚዋሽ ሴንሰር ነው፤ 15 ዲግሪ የሆነውን 45 ነው የሚል ሴንሰር መብራት አያበራም። በተጨማሪም ኤር ፍሎው ሴንሰር ያለው መኪና የአየሩን ክብደት በቀጥታ ስለሚለካ፣ የሙቀቱ ስህተት ተጽዕኖ የሚያሳድርበት በግፊት ሴንሰር ከሚሠራው ባነሰ መጠን ነው። መኪናዎ ኤር ፍሎው ኖሮት ነዳጅ በእጥፍ ከበላ፣ ጥፋቱን በዚህ ሴንሰር ላይ ለመጣል አይቸኩሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዲጂታል ቴስተር፣ ቀጥታ ንባብ የሚያሳይ የምርመራ ማሽን ወይም ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ኢኤልኤም 327፣ የቤት ቴርሞሜትር፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ካቻቢቴ፣ ቀጫጭን የስፌት መርፌዎች፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ፣ እንዲሁም አንድ የ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያዘጋጁ። ሬዚስተሩን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግን ሰው በጥቂት ብር ያገኙታል፤ ጥቅሙ ደረጃ 4 ላይ ይታያል።

ሶኬት ሲነቅሉና ሲሰኩ ቁልፉ መዘጋት አለበት። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ እጅዎን ከቺንጊያውና ከፋኑ ያርቁ፤ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ሊነሳ ይችላል።

ደረጃ 1፦ በዓይን መመርመር

1. ኮፈኑን ይክፈቱና ከማጣሪያው ሳጥን እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በእጅ ይዳስሱ። የተሰነጠቀ፣ ክላምፑ የላላ ወይም ፊት ለፊት አየር የሚስበው አፍ የጠፋ ከሆነ ሴንሰሩ የሞተር ክፍሉን ትኩስ አየር እየለካ ነው፤ ያንን ሳያስተካክሉ አይቀጥሉ።
2. ቁልፉን ዘግተው ሶኬቱን ይንቀሉ። መያዣ ምላሱን ተጭነው የፕላስቲኩን አካል ይሳቡ እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ።
3. ፒኖቹን በስልክ መብራት ይመልከቱ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለምና አንድ ዓይነት ቁመት ሊኖራቸው ይገባል።

ለዚህ ሦስተኛው ነጥብ ጊዜ ይስጡ። የራሴ ኮሮላ ላይ ሴንሰሩ ሁለት ጊዜ በአንድ ጋራዥ ተቀይሮ መብራቱ ሲመለስ፣ በመጨረሻ ሶኬቱን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት ከአምስቱ ፒኖች አንዱ ላይ የስንዴ ቅንጣት የማታክል አረንጓዴ ዝገት ተጋግራ አገኘኋት። ሞተሩ በውኃ ከታጠበ በኋላ የቀረ እርጥበት ነበር። በስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ ከጸዳ በኋላ ኮዱ አልተመለሰም። የተገዙት ሁለት ሴንሰሮች ግን ገንዘባቸው ሄዷል።

የሽቦውን መንገድም እስከሚታይበት ድረስ ይከተሉ። አይጥ የበላው ሽቦ፣ ለማንቂያ ደወል ሲባል ተቆርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ፣ ከጋለ ብረት ጋር ተጣብቆ የቀለጠ ሽቦ በብዛት ያጋጥማል።

ደረጃ 2፦ ኮዱን ማንበብና አቅጣጫውን መረዳት

ማሽኑን ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ይሰኩ፣ ቁልፉን ይክፈቱ፣ ኮዱን ይጻፉ። ሳይጽፉ አያጥፉ። ፒ0112 ቮልቱ ከመጠን በታች መሆኑን ያመለክታል፤ መነካካት ይፈልጉ። ፒ0113 ቮልቱ ከመጠን በላይ መሆኑን ያመለክታል፤ መቋረጥ ይፈልጉ። ፒ0111 ንባቡ ከሁኔታው ጋር አለመስማማቱን፣ ፒ0114 የሚመጣና የሚሄድ ግንኙነት መኖሩን ይናገራል። ፒ0110 አቅጣጫ የማይለይ ጠቅላላ ኮድ ስለሆነ ቀጥታ ንባቡን ማየት ግዴታ ነው።

*ማሽኑ አልገናኝ ካለ፦* ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪናዎች ሶኬቱ ቢኖራቸውም ከርካሽ ማሽኖች ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። በ1990ዎቹ ቶዮታዎች ላይ በሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ እያለ ይቆጥራል፤ ሁለት ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ ከዚያ አራት ብልጭታ ካሳየ ኮዱ 24 ነው፣ ያም ይህ ሴንሰር ነው። 22 ከሆነ የውኃው ሙቀት ሴንሰር ነው። የቀዳዳዎቹን ስም ከሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ሳያነቡ ምንም አያገናኙ፤ በዚያው ሳጥን ውስጥ የባትሪ ቮልት የያዘ ቀዳዳ አለ።

ደረጃ 3፦ የማለዳ ንጽጽር

በሚዋሽ ሴንሰር ላይ ከዚህ የተሻለ ፍተሻ የለም፤ ምንም ዕቃ አያስፈታም።

1. መኪናውን ሌሊቱን ሙሉ፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት፣ ሳይነሳ ያሳድሩት።
2. ጠዋት ፀሐይ ሳያገኘው ቴርሞሜትሩን ከኮፈኑ ሥር አስቀምጠው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ።
3. ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱና ከማሽኑ ላይ የአየሩንና የውኃውን ሙቀት ያንብቡ።

ሦስቱ ቁጥሮች መቀራረብ አለባቸው፤ እስከ 5 ዲግሪ ያለ ልዩነት አያሳስብም። ውኃውና ቴርሞሜትሩ 12 ላይ ተስማምተው አየሩ 38 ካለ፣ ኮድ ባይኖርም የሚዋሸው ታውቋል። አየሩና ቴርሞሜትሩ ተስማምተው ውኃው ከተለየ ደግሞ የተሳሳተ ሴንሰር ላይ ጊዜ እያጠፉ ነው።

ይህን ፍተሻ በቀን፣ ከጉዞ በኋላ አያድርጉ። መኪናው በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ሳጥኑ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል፤ ንባቡ ከውጭው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ቢበልጥ የሚጠበቅ ነው። ጥርጣሬ ካለዎት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለጥቂት ደቂቃ ይንዱ፤ ጤነኛ ሴንሰር ወደ ውጭው ሙቀት መውረድ ይጀምራል። በሚነዱበት ጊዜ ስክሪኑን የሚያነብ ሌላ ሰው ይኑር።

ደረጃ 4፦ ሴንሰሩን አውጥቶ መስመሩን መፈተን

እዚህ ደረጃ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ ሴንሰሩ ሳይኖር ኮምፒውተሩ በትክክል ያነባል ወይ?

1. ቁልፉን ዘግተው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ከዚያ ቁልፉን ከፍተው ቀጥታ ንባቡን ይመልከቱ። ከዜሮ በታች 40 መሆን አለበት። ካልሆነና ከፍተኛ ሙቀት ማሳየቱን ከቀጠለ ሽቦዎቹ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፤ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።
2. ቁልፉን ዝጉና በሽቦው በኩል ባለው ሶኬት የሴንሰሩን ሁለት ፒኖች በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሩ ያገናኙ። ቁልፉን ሲከፍቱ በቶዮታ ላይ ንባቡ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይገባል።

ሬዚስተሩ ትክክለኛ ንባብ ከሰጠ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ በሴንሰሩ ወይም በሶኬቱ ንክኪ ላይ ነው። ንባቡ ከዜሮ በታች 40 ላይ ከቀረ መስመሩ ተቋርጧል።

ብዙዎች ሬዚስተሩን ትተው በባዶ ሽቦ ያገናኛሉ። ባለ ሁለት ሽቦው ሴንሰር ላይ ይህ ጉዳት የለውም፣ ንባቡም ወደ ከፍተኛው ይወጣል። ባለ አምስቱ ሶኬት ላይ ግን አላደርገውም። በቶዮታ የሽቦ ሥዕል ላይ የሚፈለጉት ሁለቱ ቲኤችኤ (5 ቮልቱ የሚመጣበት) እና ኢ2 (የምድር ሽቦው) የተባሉት ናቸው፤ ሥዕሉ ከሌለዎት ቁልፉን ከፍተው እያንዳንዱን ፒን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር በቮልት ይለኩና 12 የሚያሳየውን ምልክት አድርገው ይተዉት።

የቴስተሩን ወፍራም ጫፍ ወደ ሶኬቱ ቀዳዳ አይክተቱ። ቀዳዳው ይሰፋና ያልነበረ ብልሽት ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛ ሴንሰርም ቢሰካ ንክኪው ይላላል። የስፌት መርፌን ከሶኬቱ ጀርባ በሽቦው ጎን አስገብተው ቴስተሩን መርፌው ላይ ያሳርፉ።

ደረጃ 5፦ የሴንሰሩን ኦም መለካት

ሴንሰሩን ነቅለው ጥላ ውስጥ ከቴርሞሜትሩ አጠገብ ለግማሽ ሰዓት ያስቀምጡ፤ በእጅ ይዞ መለካት የሰውነትን ሙቀት መለካት ነው። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርገው ሁለቱን ፒኖች ይለኩ። ለቶዮታ ኤር ፍሎው ሴንሰር የሚጠበቀው በ20 ዲግሪ ከ2.21 እስከ 2.69 ኪሎ ኦም፣ በ60 ዲግሪ ከ0.49 እስከ 0.67 ኪሎ ኦም ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳማ ጠዋት፣ 10 ዲግሪ ላይ፣ ወደ 3.7 ኪሎ ኦም ቢጠጋ ትክክል ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ለሌላ መኪና አይጠቀሙባቸው። የብዙ ፎርድ መኪናዎች ሴንሰር በ20 ዲግሪ 37 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል፤ በቶዮታ ሠንጠረዥ የመዘነው ሰው ጤነኛውን ዕቃ ይጥለዋል።

ቀጥለው የፀጉር ማድረቂያውን ከአንድ ክንድ ርቀት አነጣጥረው ቁጥሩን ይመልከቱ። ሳይዘል፣ ሳይቆም፣ በዝግታ መውረድ አለበት፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው መንገድ ይመለሳል። እየወረደ ሳለ በድንገት ከ2 ወደ 9 ዘልሎ የሚመለስ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ፒ0114ን የሚያመጣው ይህ ዓይነቱ ነው። በላይተር ወይም በፈላ ውኃ አይሞክሩ። ኤር ፍሎው ሴንሰር ከሆነ ውስጡ ያለውን ቀጭን ሽቦ በጣት፣ በጨርቅ ወይም በኮምፕሬሰር አየር አይንኩ፤ በቤንዚንም አይጠቡ። ለእሱ የሚሆነው ለኤር ፍሎው ተብሎ የተሠራው ማጽጃ ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ቮልትና ሽቦ

ደረጃ 4 ላይ መስመሩ ከወደቀ ብቻ ይህንን ይሥሩ።

1. ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ቲኤችኤን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ይለኩ። 5 ቮልት ገደማ ካለ ኮምፒውተሩ እየላከ ነው፤ ከሌለ የዚያ ሽቦ መቋረጥ ወይም መነካካት አለ።
2. አሁን ቲኤችኤን ከኢ2 ጋር ይለኩ። የመጀመሪያው 5 ሰጥቶ ይህ ምንም ካልሰጠ፣ የተበጠሰው የምድር ሽቦው ነው።
3. ሽቦውን ለማረጋገጥ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያ ከጫፍ ጫፍ ኦም ይለኩ። ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ከመኪናው አካል ጋር ሲለካ ደግሞ 10 ኪሎ ኦምና ከዚያ በላይ።

*ሁሉም ልክ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ፦* ሁሉንም መልሰው ይሰኩ፣ ሞተሩን በሚኒሞ ያቆዩ፣ ቀጥታ ንባቡን በግራፍ ከፍተው የሽቦውን ጥቅል በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቀስ ብለው ያወዛውዙ። ግራፉ በዘለለበት ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ብጥሱ እዚያ ነው። ኮምፒውተሩን መጠርጠር የሚገባው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው።

ደረጃ 7፦ መቀየርና ማረጋገጥ

አዲስ ሲገዙ በአሮጌው አካል ላይ የታተመውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ መልኩ መመሳሰሉ አይበቃም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ ቴስተርና ቴርሞሜትር ይዘው ሄደው ሻጩ ፊት ኦሙን ይለኩ፤ መለካት የማያስችል ሻጭ ጋር አይገዛዙ። ሲገጥሙ የጎማ ቀለበቱን አይርሱ፤ ኤር ፍሎው ከሆነ ቀስቱ የአየሩን አቅጣጫ መከተል አለበት።

ኮዱን በማሽን ያጥፉ። ባትሪ በመፍታት ማጥፋት ሞተሩ ስለ ሚኒሞ የተማረውን ስለሚያጠፋ ለጥቂት ቀን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ መኪናውን አሳድረው የደረጃ 3ን ንጽጽር በማግስቱ ይድገሙ፤ መብራቱ በመጥፋቱ ብቻ ሥራው አልቋል አይበሉ። ሦስቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፈው ከመኪናው ሰነድ ጋር ያስቀምጡ፤ ነዳጁ እንደገና መጨመሩን ሲጠረጥሩ የሚያመሳክሩት ቁጥር ይኖርዎታል።